ለዘውዴ ዓይን ወደ አስመራ

አስመራን ለማየት የሄደ ሰው ብዙ የሚጽፈው ይኖረዋል። እኔ የሄድኩት እኅቴን ይዤ ለመመለስ ስለነበር ከተማዋን ያየኋት እየተቻኮልኩ፣ ልቤ ሌላ ቦታ እየዋለ ነው። ስለ ሕንጻዎቿ ማንበብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ብዙ አያገኝም። መንገዱን፣ ያደርኩባቸውን ቤቶች፣ ያበሉኝን ሰዎችና የደረሰብንን ግን እንደሆነው እነግራለሁ።

ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ከሆነች ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ገንዘቡ እዚያም እዚህም ያው ብር ነው፣ አውቶቡሱም እንደ ድሮው በደሴ በኩል ይወጣል። ታላቅ እኅቴ ዘውዴ ወጣት ሳለች አስመራ ይሠራ ከነበረው አጎታችን ዘንድ ሄዳ፣ እዚያው ጋሽ ተኽለን አግብታ ቀርታለች። እሱ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው። እሷ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። ስኳር በሽታ ካለባት ዓመታት አልፈዋል።

በኅዳር መጨረሻ ስልክ ደወለች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሥራ ብዛት ካወራች በኋላ እንደ ቀልድ፣ «ጽጌዬ፣ በቀኝ ዓይኔ ፊት ጥቁር ክር ይንሳፈፋል። ልይዘው እጄን እዘረጋለሁ እኮ» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ተይው፣ የድካም ነው።»

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሕክምና ተማሪዎችን ስለ ሰውነት ሕዋሳት የማስተምር ሰው ነኝ። ያ ጥቁር ክር ግን ደም እንደሆነ አውቃለሁ። በዓይን ውስጥ የፈሰሰ ደም። በዚያ ሰሞን የሚያፈስሱ የዓይን ደም ሥሮችን በጨረር የሚተኩስ መሣሪያ የያዘ አንድ እንግዳ ሐኪም አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከገና በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህን እየነገርኳት መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ማንም አላነሳም።

ማክሰኞ

ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ሳገኝ አለቃዬ አንድ የእንጨት ሳጥን አስታቀፈኝ። አስመራ ያለ የጤና ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያሳያቸው ናሙና ቸግሮት ስለነበር፣ ከኛ የተረፉትን ስላይዶች እንዳደርስና አንድ ቀን እንዳስተምር ነው። ስስ ብርጭቆ ነውና ለአውቶቡሱ ረዳት ጣራ ላይ እንዲጭነው ልሰጠው አልቻልኩም። ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ጎኔ የተቀመጡት የደቀምሓሬ ነጋዴ ነበሩ፤ አቦይ ሃብቴ ይባላሉ። ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ሳይሉ ሙሉውን መንገድ ተኝተው ሄዱ። እኔ ግን አንዴ ሰዓቴን፣ አንዴ መንገዱን አያለሁ። ጣርማ በር ላይ ዋሻውን ስናልፍ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ሾፌሩ ቀስ አለ። ሰው ሁሉ በዝግታው ደስ ሲለው እኔ ጥርሴን ነከስኩ።

ደሴ የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ባለቤት ጉልበቴ ደንዝዞ ደረጃውን መውጣት ሲያቅተኝ አይተው፣ ሳልጠይቃቸው የሞቀ ውኃና ጨው በሳፋ አመጡልኝ። «ሳጥኑን አስቀምጪው እንጂ፣ ማን ይበላብሻል?» አሉኝ። እግሬን ነክሬም ሳጥኑን እንደታቀፍኩ ነበር። ያቀረቡልኝን ቀይ ወጥ ግማሹን ትቼ ስነሳ ተቆጡኝ። ለነገ መንገድ ሁለት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በወረቀት ጠቅልለው ጨመሩልኝ።

ረቡዕ

መርሳ ላይ ብርቱካን ገዛን። አላማጣ ላይ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ኮረም ላይ ደግሞ ጋቢ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው። ማይጨው ልንገባ ስንል ከታጠፈው መንገድ ግመሎች ድንገት ብቅ አሉ። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፤ ሳጥኑ ከእጄ አመለጠ።

የብርጭቆውን ድምፅ ሰማሁት። ስከፍተው የኩላሊቱ፣ የሳንባውና የጉበቱ ስላይዶች ድቅቅ ብለዋል። ከዓይን ናሙናዎች ሁለት ተርፈዋል። የአንዱ ጥግ ብቻ ተሰንጥቋል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለብርጭቆ አልነበረም።

አቦይ ሃብቴ ነቁ። የምታለቅስ ሴት አይተው ዕቃ ጠፍቷት መስሏቸው ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። እኅቴ እየታወረች እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው ናት የተሰበረችው ወይስ ብርጭቆ?»

«ብርጭቆ ነው አባቴ።»

«እኅትሽስ?»

«እኅቴ ገና አልተሰበረችም።»

«እንግዲያ ሳጥኑን ወዲህ በዪው» አሉና ጋቢያቸውን አጥፈው ጠቀለሉት። ከዚያ በኋላ እስከ መቀሌ፣ በማግሥቱም እስከ ደቀምሓሬ ድረስ ከእጃቸው አልለቀቁትም፣ እንቅልፍም አልወሰዳቸውም። መቀሌ ስንደርስ ብርዱን የሚችሉት መስሏቸው ጋቢውን ለሳጥኑ ትተው በኮት ብቻ አደሩ።

ሐሙስ

ዛላምበሳ ላይ ከአውቶቡስ ወረድን። ድሮ በዚህ ቦታ ያለፍኩት እንደ ማንኛውም ከተማ ሻይ ጠጥቼ ነበር። አሁን ገመድ ተዘርግቷል፣ ወዲያ ማዶ ሌላ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሏል። ፖሊሱ ሳጥኑን አስከፈተኝና ስላይዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ አየው።

«ምንድን ነው?»

«የሰው ዓይን የውስጥ ሽፋን።»

ስላይዱን ቶሎ ወደ እጄ መለሰው። «ጸገም የለን፣ ሕለፊ» ብሎ በእጁ እለፊ አለኝ። ችግር የለም ማለቱ ነበር።

ሰንዓፈ፣ ዓዲ ቀይሕ፣ ሰገነይቲ፤ መንገዱ ቢጠማዘዝም ድንጋዩ በሥርዓት የተካበ ነው። አስመራ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከአዲስ አበባ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ፀጥታው ነው፤ ጥሩምባ የለ፣ የሚጮህ ወያላ የለ። ሰው ሁሉ ታጥቦ ለብሶ በእግሩ ይንሸራሸራል፣ ብስክሌቱ በጎን በኩል ሽው ይላል። አንድም የሚቸኩል ሰው አላየሁም። ይሄ ሌላ ጊዜ ያስደስተኝ ይሆናል፤ ያን ቀን ግን አናደደኝ።

የምደርስበትን ቀን በጋራዡ ስልክ ነግሬው ስለነበር ጋሽ ተኽለ ፌርማታው ላይ ከጋራዡ በተዋሳት አሮጌ ማኪና ጠበቀኝ። ሸብቷል። እቅፍ አድርጎ ሳመኝ።

«ዘውዴስ?»

«ቤት ናት። ሥራ በዛባት፣ የጥር ሰርግ ደረሰ። ዓይኔ ደክሟል ትለኛለች፣ መነጽር ልግዛላት እያልኩ ነው» አለኝ። ምንም እንደማያውቅ ገባኝ።

ቤታቸው ዓባ ሻውል፣ ማኪና የማይገባበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ዘውዴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስሜን እስክናገር ድረስ ፊቴን ሳይሆን ትከሻዬን ነበር የምታየው።

ዓርብ

የአስመራ ቁርስ ባኒ የሚሉት ትንሽ ዳቦና ሻሂ ነው። ዘውዴ ሻሂውን ስትቀዳ ጣቷን የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ታደርጋለች፤ ሙቀቱ ጣቷን ሲነካት ታቆማለች። ጋሽ ተኽለ ወደ ሥራ እስኪወጣ ጠበቅሁ።

«እትዬ፣ ሰኞ እንሂድ። ሐኪሙ ከገና በኋላ የለም።»

«ኣይፋልን ጽጌዬ፣ አይሆንም። ሰባት ቀሚስ ተረክቤያለሁ።»

«ቀሚስ?»

«የሰው ሰርግ ነው፣ ቀልድ መሰለሽ?»

ተከራከርን። ወደ ቀትር ግድም አንዲት ሙሽራ ለመለካት መጣች። ትርሓስ ትባላለች፤ የነፃነት ታጋይ የነበረች፣ ፀጉሯ አጭር፣ አረማመዷ እንደ ወንድ። ቀሚሱን ለብሳ ስትቆም ዘውዴ ወገቧ ላይ መርፌ እየሰካች ዞረቻት። አንዱ መርፌ ጨርቁን ስቶ ሥጋዋ ውስጥ ገባ። ትርሓስ ንቅንቅ አላለችም። ሌላውም ገባ። ያን ጊዜ ዓይኗን አነሳችና በዘውዴ ራስ ላይ አሻግራ ተመለከተችኝ። 

ስትወጣ ሸኘኋት። ስላይዶቹን ለየትኛው ትምህርት ቤት እንዳመጣሁ ስነግራት እዚያው እንደምትማር ነገረችኝ። በትግሉ ጊዜ ሜዳ ላይ ቁስለኛ ታክም ነበር፤ አሁን ሙያውን በደንብ ልትማር ገብታ ነው። «ነገ ና… ነይ። እኔ አስገባሻለሁ» አለችኝ። አማርኛዋ ከሬዲዮ የተማረችው ነው፤ አንዳንዴ እኔን ወንድ ታደርገኛለች።

ቅዳሜ

በተረፉት ስላይዶች አስተማርኩ። ተማሪዎቹ ከኔ ተማሪዎች በዕድሜ ይበልጣሉ፣ አንዳንዱ በአንድ እጁ ነው የሚጽፈው። ስለ ደም ሥር የጠየቁኝ ሁሉ ያዩትን እያሰቡ ነበር። «ቁስል ሲድን የሚበቅለው አዲስ ሥጋ ለምንድን ነው ሲነኩት ቶሎ የሚደማው?» አለ አንዱ። አዲስ የደም ሥር ግድግዳው ገና ስላልተሠራ ነው ብዬ አስረዳሁት። በደስታ ማስተማር የነበረብኝን ሰዓት ሰዓቴን እያየሁ ጨረስኩት። ዳይሬክተሩ ካፑቺኖ ጋበዙኝ፤ ምላሴ እስኪቃጠል ቶሎ ጠጥቼ ተነሳሁ።

ማታ እራት ላይ ጎረቤታቸው ሳህን ሙሉ ስፓጌቲ በስጎ ይዛ መጣች። አዲስ አበባ ስፓጌቲ የሆቴል ምግብ ነው ብላ ዘውዴ ስታሾፍብኝ ሁላችንም ሳቅን። እዚህ ከሽሮ እኩል የየዕለት ምግብ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሽ ተኽለ፣ «ጽጌ ቤት ጊዮርጊስን ሳታይ አትሄድም» አለ። በምፅዋ መንገድ የከተማው ዳር ላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምድሩ ወደ ባሕሩ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ቀን ከታች ያለው ሁሉ በጉም ይሸፈናል አሉ። ያን ቀን ግን ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቶ፣ ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ እስከ ሩቅ ይታይ ነበር።

ዘውዴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ገደሉ ተመለከተች።

«ዛሬስ ጉሙ ከባድ ነው፣ አይደል ተኽለ?» አለች።

 ጋሽ ተኽለ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አይቶ ገባው። ቀስ ብሎ ጎኗ ሄዶ ቆመና ክንዷን ያዘ።

«እወ፣ ከባድ ነው» አላት።

ወደ ማኪናው ስንመለስ በሩን ከፍቶ ክንዷን እንደያዘ አስገባት። ቤት እንደገባን ጥያቄውን ጀመረ። ዘውዴ መጀመሪያ ካደች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ እውነቱን አወጣችው። በቀኝ ዓይኗ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር አይታያትም። በግራዋ መርፌ መሰካት ያስቸግራት ጀምሯል።

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?» አላት። «ለቀሚስ ነው?»

«ለቀሚስ አይደለም!» አለች። ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «የደርግ ወታደር የወጣ ጊዜ አማሮቹን ጎረቤቶቼን ካሚዮን ላይ ሲጭኗቸው እዚህ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንዳቸውም አልተመለሱም። እኔን ያኔ ያስቀረኝ የአንተ ሚስት መሆኔ ነው። አሁን ብወጣ፣ ልመለስ ስል ገመዱ ጋ ‹አንቺ የማን ነሽ?› ቢሉኝስ? ዓይኔ ቢድን ቤቴን ካጣሁ ምን ላይበት ነው?»

  እውነት ለመናገር ፍርሃቷ ከንቱ ነው ልላት አልቻልኩም።

ሰኞ

ጠዋት ዘውዴ ራሷ፣ «እስቲ አሳዪኝ። ምን እንደሆነ ሳላይ አልወስንም» አለችኝ። ትርሓስ የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ከፈተችልን። ዘውዴ የግራ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቀነች። እኔ መስተካከያውን እያዞርኩ፣ «አሁንስ?» እላለሁ። ብዙ ቆይታ፣ «አየሁት። ቀጫጭን መስመር» አለች።

«ይህ ከዓይን ኋላ ያለው ሽፋን ነው። መስመሮቹ ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። ውስጣቸው ረዘም ረዘም ያሉ ነጥቦች አሉ፤ እነሱ የቱቦው የራሱ ሕዋሳት ናቸው። ጎን ላይ ክብና ጠቆር ያሉትን አየሻቸው?»

«እወ።»

«እነዚያ ደጋፊዎቹ ናቸው። አዲስ የደም ሥር ሲበቅል መጀመሪያ ስስ ቱቦ ብቻ ነው፤ ያፈስሳል፣ ይፈርሳል። ከዚያ እነዚህ መጥተው ከውጭ በክንዳቸው ያቅፉታል። ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው ስስ ሽፋን አብረው ያበጃሉ። ቱቦውም ይረጋል፣ ደሙን ይይዛል። ግድግዳ የሚሆነው በዚህ ነው። ዝርዝሩን ሰዎች ገና እያጠኑት ነው።»

ስላይዱን ቀየርኩላት። ጥጉ የተሰነጠቀውን።

«ይሄኛው ስኳር የነበረበት ሰው ዓይን ነው። ስኳሩ ከሁሉ ቀድሞ የሚገድለው ደጋፊዎቹን ነው። ክብ ነጥብ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኗል። ግድግዳው እዚያ ጋ ያብጣል፣ ያፈስሳል። ቆይቶ ዓይን ደም ሲያጥረው አዳዲስ ሥር ያበቅላል፤ እነሱን ግን በደንብ የሚደግፋቸው የለም፣ ይፈነዳሉ። ያ ጥቁር ክር ከዚያ የመጣ ነው።»

ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም።

«የሞቱት ይመለሳሉ?»

«አይመለሱም።»

«ጨረሩ ምን ያደርጋል ታዲያ?»

«የሚያፈስሰውን ይዘጋል፣ አዲስ የሚበቅለውን ያቆማል። የጠፋውን አይመልስም እትዬ። የቀረውን ለማቆየት ነው።»

«ቀኙስ?»

«አላውቅም። የዘገየ ይመስለኛል።»

ቀና አለች። እንዳላባበልኳት ስላወቀች መሰለኝ ፊቷ ረጋ ብሏል። ትርሓስ እስከዚያ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ወደ ውስጥ ገብታ፣

«ኣደይ፣ እናቴ ዘውዴ፣ ቀሚሴን ስጪኝ» አለች።

«አላለቀም እኮ ልጄ። እጅጌው ቀርቷል፣ ዘርፉም ገና ነው።»

«እኔ እጨርሰዋለሁ። ስንት ሆድ ሰፍቻለሁ፣ እጅጌ ያቅተኛል? የሌሎቹንም ሴቶች እኔ እነግራቸዋለሁ። ሜዳ ስንጋባ ቀሚስ የነበራት ማን ናት?»

ዘውዴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ትርሓስ እንደ ቁስለኛ ደግፋ አስቀመጠቻት።

ቤት ስንደርስ ጋሽ ተኽለ ከሥራ ቀድሞ ገብቶ ልብሱን በሻንጣ ሲከት አገኘነው።

«የት ነው?» አለችው።

«ካንቺ ጋር። ገመዱ ላይ ‹የማን ነሽ?› ካሉሽ እኔ አጠገብሽ ቆሜያለሁ። ካላስገቡሽ እኔም አልገባም።»

«አበድክ? ሥራህስ? አገርህስ?»

«አገሬን ሠላሳ ዓመት ጠበቅኋት፤ አሁን ደግሞ እሷ ትጠብቀኝ» አላትና ካልሲውን መጠቅለል ቀጠለ።

ማክሰኞና ከዚያ በኋላ

ሦስታችንም በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣን። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሊሸኙን ወጡ። ባኒ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ አንዷ ደግሞ የሱፍ ካልሲ ጨመሩልን። አሥር ጊዜ ተስመን አሥራ አንደኛው ላይ ሾፌሩ ተቆጣ። ዛላምበሳ ላይ ስንወርድ ዘውዴ የባሏን ክንድ አጥብቃ ያዘች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነው አይቻለሁ። ወጣቱ ፖሊስ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀ።

«ለሕክምና። እመለሳለሁ» አለች በትግርኛ፣ ሳይጠይቃት። «ቤቴ ዓባ ሻውል ነው። እመለሳለሁ።»

«ደሓን ይግበርልኪ ኣደይ፣ ይማርሽ» አላትና ወደ ቀጣዩ ተሳፋሪ አለፈ። ለእሱ ይኸው ነበር። እሷ ግን ዓዲግራት እስክንደርስ ድረስ የባሏን ክንድ አልለቀቀችም።

ሐኪሙ ጋ ከገና በፊት ደረስን። ለቀኝ ዓይኗ ጊዜው አልፏል፤ የሚደረግለት ነገር አልነበረም። ግራውን በተለያዩ ቀናት በጨረር ተኮሰው። ከእያንዳንዱ ጨረር በኋላ ራሷን እያመማት ጋሽ ተኽለ እጇን ይዞ በእንግዳ ክፍሌ ያስቀምጣታል። ሐኪሙ ከመሄዱ በፊት ሲያያት ማፍሰሱ ቆሟል አላት። ስኳሯን እንድትጠብቅ አስጠነቀቃት። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ከዚያ ወዲያ አልቻለችም፤ ጨርቁን በመቀስ መቁረጥና ማስተማር ግን ትችላለች።

እኔ እንድትቀር ፈልጌ ነበር። ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ ነው፣ ዘመዱ ሁሉ እዚህ ነው፣ ክትትሉም እዚህ ይቀላል። ጥምቀት ሳያልፍ ግን መቁነጥነጥ ጀመረች። ጫጫታው፣ አቧራው፣ ዳቦው፣ ሁሉም አልጥም አላት። «ቤቴ ልሂድ» ትላለች። እኔ በልጅነታችን ካደግንበት ቤት ሁለት ፌርማታ ብቻ በሚርቅ ቤቴ ተቀምጣ፣ «ቤቴ» ስትል ሰሜኑን ነው።

በአውቶቡስ ተራ ገና ጎሕ ሲቀድ ሸኘኋቸው። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከታች ቆሜ እጄን አወዛወዝኩ፣ ስሟን ጠራሁ፤ በሞተሩ ድምፅ አልሰማችኝም። ፊት ለፊቷን ብቻ እያየች ተቀምጣለች። ቅር አለኝ። ከዚያ ነው በቀኟ በኩል መቆሜ የገባኝ። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከፊቱ ቀድሜ ሮጥኩ፤ ሾፌሩ ሰደበኝ። ዞሬ በግራ በኩል ስደርስ አጠገቧ የተቀመጠው ጋሽ ተኽለ አየኝና እንዳይጋርዳት ወደ ኋላ ደገፍ አለ፣ በእጁም ወደ እኔ አመለከታት።

ዘውዴ ፊቷን አዞረች። ፈለገችኝ፣ አገኘችኝ፣ እጇንም አነሳች።